«ሲስተም ነው» ሲባል ጥፋቱ የማን ነው? ቀን ስለሚያሳስቱ አሮጌ ሶፍትዌሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ትንንሽ ፕሮግራምም እጽፋለሁ። ደንበኞቼ የማያመጡብኝ ጥያቄ የለም፤ ስለ ቀን የሚነሣው ግን ይበዛል። የልደት ቀን አልቀበል አለ። ደረሰኙ የሌላ ዓመት ቀን ይዞ ወጣ። ኤክሴሉ ዓመቱን ወደ ኋላ ወሰደው። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ጥፋቱ የማን ነው?» መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። አንዳንዱን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ወሬ አበዛለሁ።

ኮምፒውተሬን ስከፍተው ጃንዋሪ 1, 2009 ይለኛል። ቫይረስ ገባበት?

አልገባበትም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ማሽኑ ከፋብሪካ ወደተሰጠው የመጀመሪያ ቀን ይመለሳል። መብራት በሄደ ቁጥር ያው ይደገማል። ኢሜይል ስትከፍቱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚላችሁም ለዚህ ነው። በማሽኑ አቆጣጠር የድረ ገጹ ሰርተፊኬት ገና አልተሰጠም። ባትሪዋን ቀይሩ። ጥፋተኛ የግድ ካስፈለገ እሷ ናት፤ እሷም አርጅታ ነው።

«የ2000 ችግር» የሚባለው ምን ነበር? ለምንስ ዓመትን በሁለት አኃዝ ጻፉ?

ነገሩ ቀላል ነው። የዱሮ ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. 1965ን «65» ብለው ይጽፉ ነበር። ዓመቱ «00» ሲሆን ማሽኑ 1900 ይሁን 2000 የሚለይበት መንገድ የለውም። የ65 ልጅ ዕድሜ ሲሰላ ከ00 ላይ 65 ይቀነስና ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ስንፍና ግን አልነበረም። ያኔ መረጃ የሚቀመጠው በሚበሳ ካርድ ላይ ነው። አንዱ ካርድ ያለው 80 ዓምድ ብቻ ነው። የሰውየው ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ ያለበት ዕዳ፣ ቀኑ፣ ሁሉም በዚያች 80 ቦታ መግባት አለበት። «19» የምትለዋ ሁለት ቦታ ትበላለች፤ ያውም ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሆና። ሜሞሪውም ውድ ነበር። ስለዚህ ቆረጧት።

እኛስ በንግግር እንዲሁ አይደለንም? «የ66ቱ አብዮት» እንላለን። «የ77ቱ ድርቅ» እንላለን። የትኛው 66 ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰው ጆሮ የጎደለውን ይሞላል። ማሽን ግን የሰጡትን ብቻ ነው የሚይዘው።

ታዲያ ጥፋተኛው ያ የ1960ዎቹ ፕሮግራመር ነዋ?

አንዱ ራሱ አምኗል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የነበሩት አለን ግሪንስፓን እ.ኤ.አ. በ1998 ለአገራቸው ምክር ቤት ሲናገሩ «ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝ» የሚል ቃል ሰጥተዋል። በ60ዎቹና በ70ዎቹ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ከዓመቱ ፊት «19»ን አስቀርተው ቦታ በማትረፋቸውም ይኮሩ ነበር። ፕሮግራሙ ያን ያህል ዘመን ይቆያል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሌላም ሰው አለ። ቦብ ቢመር ይባላል፤ ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዋወጡበትን አስኪ የተባለውን ኮድ ካዘጋጁት አንዱ ነው። ለሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የዘር ሐረግ መዝገብ ሲሠራ ችግሩን አየው። የዘር ሐረግ ወደ 1800ዎቹ፣ ወደ 1700ዎቹ ይሄዳል፤ በሁለት አኃዝ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፎ አስጠነቀቀ። በ1979 ደግሞ ጻፈ። የሰማው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ፍረድ ብትሉኝ፣ በ1965 ሁለት አኃዝ የጻፈውን በነፃ አሰናብተዋለሁ። ቦታ አልነበረውም። የምይዘው በ1985 የነበረውን ነው። ሜሞሪው ረክሷል። ማስጠንቀቂያው ታትሟል። እሱ ግን ያንኑ ኮድ ቀድቶ አዲስ ሲስተም ውስጥ ከተተው። ከጎኑም «የሚሠራ ነገር ላይ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ያለውን ኃላፊ አቆመዋለሁ። ጣራው እንደሚያፈስ የነገሩት፣ «ገና በጋ ነው» ብሎ የሸኘ ሰው ማለት ነው።

ግን እኮ ምንም አልሆነም! ወሬ ብቻ አልነበረም?

ይሄን በጣም እሰማለሁ፤ ትንሽም ያናድደኛል። ብዙ ያልሆነው በየአገሩ ሰዎች ለዓመታት ቁጭ ብለው ኮድ በመስመር በመስመር ስላረሙ ነው። ያመለጠው ደግሞ ታይቷል።

የአሜሪካን ይፋዊ ሰዓት የሚይዘው የባሕር ኃይሉ የከዋክብት መመልከቻ ድረ ገጽ በጃንዋሪ 1 ዓመቱን «19100» ብሎ አወጣው። ምክንያቱ ያስቃል። ፕሮግራሙ ከ1900 ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱ 100 ነው። ከፊቱ ደግሞ «19» ተለጥፎ ይጠብቀዋል። በኒውዮርክ ግዛት አንድ ቪዲዮ ቤት ፊልም ለመለሰ ደንበኛ የ91,250 ዶላር መቀጮ አወጣለት፤ የአንድ መቶ ዓመት ውዝፍ መሆኑ ነው። ይሄ ተስቆበት አለፈ። በእንግሊዝ ሼፊልድ የሆነው ግን አያስቅም። የእናቶችን ዕድሜ በስህተት ያሰላ ኮምፒውተር ከ150 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳሳተ የዳውን ሲንድረም ምርመራ ውጤት እንዲነገራቸው አደረገ።

እንዲያውም አንዳንዱ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀም። በሚሺጋን አንድ አትክልትና ፍራፍሬ መደብር የገዛቸው የሒሳብ ማሽኖች የማብቂያ ዓመቱ «00» የሆነ የባንክ ካርድ ሲገባባቸው ይቆሙ ነበር። ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ሻጩን ከሰሱ። ክሱ በሚቀጥለው ዓመት በ250,000 ዶላር ስምምነት አለቀ። እዚያ ቢያንስ «ጥፋቱ የማን ነው?» ለሚለው ዋጋ ተቆርጦለታል።

እኛ ያኔ 1992 ላይ ነበርን። ታዲያ እኛን ምን አገባን?

ጃንዋሪ 1, 2000 በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር፤ ገና ሳምንት ያህል ሲቀረው። ማሽኖቹ በውስጣቸው የሚቆጥሩት በፈረንጅ ስለሆነ ነገሩ የእኛም ነበር። እኛ ግን የራሳችን ሁለተኛ ዙር ነበረን፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.። እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ።

በ1999 ክረምት ገና ከትምህርት ወጥቼ ነበር። አቶቴ አካባቢ አንድ የእህል ነጋዴ የዱቤ መዝገብ በኮምፒውተር እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ሠራሁላቸው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት፤ ኮራሁም። ዓመቱን ግን በሁለት አኃዝ ጻፍኩት፤ «99»። ልብ በሉ፤ አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም ሚሌኒየም ይል ነበር። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ዘፈኑ ወጥቷል፣ «2000» የሚል ቲሸርት እኔ ራሴ ገዝቼ ለብሻለሁ። እሷን ቲሸርት ለብሼ ነው «99» ብዬ የጻፍኩት።

ፕሮግራሙ የቆየውን ዕዳ በቀይ አድርጎ ከላይ ያወጣል። ለበዓል ጤፍ በዱቤ ሄዷል። የበዓሉ ዕለት የተጻፈው «00» ከ«99» ያንሳል፤ ስለዚህ ከሁሉ የቆየ ዕዳ ሆኖ ከላይ በቀይ ተደረደረ። በነጋታው ልጃቸው ዝርዝሩን አየና የመጀመሪያዋ ባለዕዳ ቤት ሄዶ በር አንኳኳ። ሴትዮዋ ጤፉን የወሰዱት የዚያ በፊት ቀን ነው። «ገና አስፈጭቼ ሳልጨርስ!» ብለው ልጁን ከደጅ መለሱት። ነጋዴው አስጠሩኝ። ዝርዝሩን አየሁት፤ ወዲያው ገባኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ሲስተም ነው ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሲስተም ማለት አንተ አይደለህም እንዴ?»

በዚያው ሳምንት አረምኩት። ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልሰጡኝም። ሴትዮዋ ግን ለረጅም ጊዜ ከሌላ ሱቅ ይገዙ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ልጄ የተወለደው ጥቅምት 30 ነው። ኮምፒውተሩ ለምን አልቀበልም ይላል?

ይሄኛው አሮጌ ችግር ነው፤ ግን በየዓመቱ አዲስ ይሠራል።

መዝጋቢው 30/02/2010 ብሎ ያስገባል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው። ሣጥኑ ይቀላል። ለምን? ከላይ «ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል እንጂ ከሥር ያለው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ለእሱ ወር 02 ማለት ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጥቅምት 29ን በአራት ዓመት አንዴ ይቀበልና በሌላው ይከለክላል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለውም። በተቃራኒው የሌለ ቀን ይቀበላል። መስከረም 31 በሉት፤ እሺ ይላል። ጥር 31ም እሺ ነው።

ከዚያ ምን ይሆናል? መዝጋቢው ሰልፉን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «28 እናድርገው፤ ሁለት ቀን ምን ያመጣል?» ይላል። እናትየውም ደክሟታል፤ እሺ ትላለች። የጳጉሜን ልጆች ደግሞ ወደ ነሐሴ 30 ይጎተታሉ ወይም ወደ መስከረም 1 ይገፋሉ፤ በአንድ ምሽት ዓመት ይቀየርባቸዋል። ከዓመታት በኋላ የክትባት ካርዱ 30 ይላል፣ የልደት ሰርተፊኬቱ 28 ይላል፣ ልጁ የትኛው እንደሆነ ማስረጃ አምጣ ይባላል።

መዝጋቢውን አልወቅስም፤ ቢያንስ ብዙ አልወቅስም። ጥፋቱ በመጀመሪያ «ዓ.ም.» የምትል ቃል ለጥፎ ሥራውን የጨረሰው ፕሮግራመር ነው። ምክንያት የለውም። አይሲዩ የሚባለው በነፃ የሚገኝ የፕሮግራም ስብስብ የእኛን አቆጣጠር ጳጉሜንን ጨምሮ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ቀጥሎ ደግሞ ሲስተሙን ተረክቦ የፈረመው ነው። አንድ ጥቅምት 30 አስገብቶ ቢሞክር በደቂቃ ይታይ ነበር።

ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 8 መደመር አይበቃም?

አይበቃም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ነው 8 የሚሆነው። ያ ጥቅምት 30 ቀን 2010 የተወለደው ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 9, 2017 ነው። ዝም ብሎ 8 የደመረ ሰው አንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ፓስፖርት ላይ ሲደርስ ያለቅሳል።

ኤክሴል የታወቀ የቀን ስህተት አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝም እሱ ነው።

ኤክሴል ቀንን በቁጥር ነው የሚይዘው። ጃንዋሪ 1, 1900 ቁጥሩ 1 ነው። ባዶ ሣጥን ላይ 60 ጻፉና ወደ ቀን ቀይሩት። ፌብሩዋሪ 29, 1900 ይላችኋል። እንዲህ የሚባል ቀን ግን ኖሮ አያውቅም። በፈረንጅ ሕግ በ00 የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪው 28 ላይ ያበቃል። 2000 ይካፈላል፤ 1900 አይካፈልም።

ስህተቱ መጀመሪያ የነበረው ሎተስ 1-2-3 በሚባለው የቀደመ ፕሮግራም ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክሴልን ሲያመጣ የሎተስ ተጠቃሚዎች ፋይላቸውን ይዘው መምጣት ነበረባቸው። ስለዚህ ስህተቱን እያወቀ ቀዳው። ዛሬ ይታረም ቢባል በዓለም ላይ ባለ ሥራ ሁሉ ቀኑ በአንድ ቀን ይዛነፋል። አሁን ፍረዱ። የሎተሱ ሰው ተሳሳተ። የማይክሮሶፍቱ ሰው አውቆ ገባበት፤ ለደንበኛው ብሎ ነው። እኔ እዚህ ላይ ክሱን እዘጋለሁ፤ የ1900 ደመወዝ የሚያሰላ ደንበኛ የለኝም።

ሌላውን ግን ተጠንቀቁ። ዓመትን በሁለት አኃዝ ከጻፋችሁ ብዙ ኤክሴሎች ከ00 እስከ 29 ያለውን 2000ዎቹ፣ ከ30 እስከ 99 ያለውን 1900ዎቹ ያደርጉታል። «30» ብላችሁ የብድር ማብቂያ ብትጽፉ 1930 ሊሆን ይችላል። አራቱንም አኃዝ ጻፉ። የሚበሳው ካርድ እንደሆነ አልቆብናል፤ ቦታ አይጠብም።

2038 ላይ ሌላ ችግር አለ ይላሉ። መቼ ነው በትክክል?

ጥምቀት ጠዋት።

አልቀለድኩም። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓትና የእሱ ዘሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1, 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራውን በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 እና የ1 ቦታ፣ የሚይዙት 2,147,483,647 ላይ ሲደርሱ ይሞላሉ። ያ ሰከንድ ጃንዋሪ 19, 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ሕዝቡ ታቦቱ ያደረበት ቦታ ነጠላውን አጣፍቶ ጠበል ሲጠብቅ ማለት ነው። ያልታረመ ማሽን ከዚያች ሰከንድ በኋላ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይዘላል፤ ወደ ምኒልክ ዘመን።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ቆጠራውን 64 ቢት ማድረግ ነው። ዛሬ የምትገዙት ስልክና ላፕቶፕ አብዛኛው እንዲያ ነው። ከዩኒክስ ዘሮች አንዱ የሆነው ሊኑክስም ለ32 ቢት ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 በተባለው ዕትም ዋናውን እርማት አስገብቷል። የሚያስፈራኝ ማንም የማያድሰው ዕቃ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ፣ ጣራ ሥር የተረሳ ራውተር፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ።

ዩኒክስን የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። እነሱን አልወቅስም። ከ1970 መጀመሪያ ቆጥረው 68 ዓመት ሰጥተውናል። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ነበር የሚቆጥሩት፤ ያ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አያደርስም ነበር። በ2030 ጥምቀት ጠዋት ካሜራው ቢቆም የምጠይቀው ዘንድሮ ርካሹን መርጦ ያስገዛውን ነው። እኔም ልሆን እችላለሁ።

አዲሶቹ ሶፍትዌሮችስ?

ያው ናቸው። ፕሌይስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በ2010 ፌብሩዋሪ 29 ያለ መስሎት ማርች 1 ላይ ተደናገረ። ኤክስቼንጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሲስተም ደግሞ በ2022 የመጀመሪያ ቀን ኢሜይል ማድረስ አቆመ። የቫይረስ መከላከያው ዕትም ቁጥር በ«22» ሲጀምር ያንን ከላይ ያነበባችሁትን 2,147,483,647 አለፈዋ።

አንተስ አሁን የምትጽፈው ስህተት የለበትም?

አለበት፤ የት እንዳለም አውቃለሁ። ለደንበኞቼ በሠራኋቸው ሁለት ፕሮግራሞች ውስጥ መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 ጋር አስሬዋለሁ፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ ከ12 ጋር። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳይዘል ጳጉሜንን 6 ያደርጋል። ፈረንጆቹ ግን በ2100 ይዘላሉ። ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፤ የእኔ ፕሮግራም አያውቅም። ለምን አላረምከውም ብትሉኝ፣ «እስከዚያ ማን ይጠቀምበታል?» ነው መልሴ። ግሪንስፓንም ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ሲስተም ላሠራ ነው። ስረከብ ምን ልሞክር?

ሠሪው አጠገባችሁ እያለ ጥቅምት 30ን አስገቡ። ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን አስገቡ፤ መቀበል አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2018ን አስገቡ፤ መከልከል አለበት። መስከረም 31ን ከተቀበለ ክፍያውን ያዙ። የገናን በዓል ካወጣ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ማለቱን እዩ። ስትፈርሙም የቀን ስህተት ቢገኝ በነፃ የሚያርመው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። «ሲስተም ነው» የሚል ሰው ውል ላይ ስሙ ሲኖር አነጋገሩ ይቀየራል።

ስልኬ ፋሲካን አስቀድሞ ያውቃል። ፍቼ ጫምባላላን ለምን አያውቅም?

ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ይሰላል፤ ስሌት ያለው ነገር ለኮምፒውተር ይሰጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ግን አያንቶዎች ሰማዩን፣ ከዋክብቱን አይተው ነው ቀኑ የሚታወቀው። ስልክ ላይ ተጭኖ የመጣ ካላንደር የመጪውን ዓመት ፍቼ ቀን ቁርጥ አድርጎ ካሳያችሁ፣ አንድ ሰው ገምቶ ጽፎታል። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ በዚያ ተማምኖ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ስልኩን ላስተካክልለት ይዞት መጥቶ ነበር። ምንም የተበላሸ ነገር አላገኘሁበትም፤ ቻርጅ አድርጌ መለስኩለት።